ያላነበብኩት አባት

እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የአማርኛ መጽሐፍ ሲመረቅ አስተያየት አቅርብ ተብዬ የማልጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁለት መጽሐፍ አሳትሜያለሁ፤ ድምፄ ወፈር ያለ ነው፤ ማይክ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም። እኛ ዘንድ አስተያየት አቅራቢ ለመሆን ከዚህ በላይ የሚጠየቅ ነገር የለም። ደራሲው መጽሐፉን ሐሙስ ዕለት ቤቴ ድረስ ያመጣልኛል፤ ምረቃው እሑድ ነው፤ በመሀል እኔ ሥራ አለኝ። ስለዚህ የጀርባውን ጽሑፍ አነባለሁ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነባለሁ፣ መጨረሻውን አየት አደርጋለሁ። ከዚያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ባለው አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቼ «ይህ መጽሐፍ የዘመናችን መስታወት ነው» እላለሁ። ሰው ያጨበጭባል። ደራሲው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። አንዳንዴ የእኔም ያቀርራል።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ደራሲውም ያውቃል፤ እሱም በተራው በእኔ ምረቃ ላይ እንዲሁ አድርጓል። መጽሐፉን የገዛው ሰው የገዛው እንዳይታዘቡት ብሎ ነው፤ ቤቱ ወስዶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያቆመዋል። ይሉኝታ ነው፣ እንተዋወቃለን፣ ማንም ማንንም አታለለኝ አይልም። ክፉ ነገር ነው ብዬ አስቤም አላውቅ። ልጄ ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ የለችበትም። ሕጉን የነገራት የለም።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ደስ ሲላት ትናገራለች፣ ስትናደድ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚወጣት። የምታነበው የአውስትራሊያ ልብ ወለድ ነው፤ ያውም በእሷ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ልጆች የተጻፈውን። እንዴት እንደጀመራት አላውቅም ነበር። እናቷን ጠይቄ ነው ያወቅኩት፤ ይህም ራሱ ያሳፍራል። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አንዱን ሽፋኑን ወዳ ተዋሰችው፤ አንዲት ልጅ ሳይክሏን ይዛ ባሕር ዳር የቆመችበት ነው። ስትጨርሰው የዚያችኑ ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ፈለገች፤ ቀጥሎ የደራሲዋን ጓደኛ፣ ቀጥሎ የጓደኛዋን ጓደኛ። አሁን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች በስሟ ነው የሚጠሯት። የሌላቸውን መጽሐፍ ከሌላ ካውንቲ ድረስ ያስመጡላታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በልትስቪል የምትኖር ጓደኛዋ ቤት ሳደርሳት መኪና ውስጥ ስለነዚህ መጻሕፍት ታወራኝ ነበር። ደራሲዎቹን እንደ አክስቶቿ ነው የምታውቃቸው። አንዷ መምህር ነበረች፤ መጻፍ የጀመረችው ተማሪዎቿ የሚያወሩትን እየሰማች ነው። አንዷ ላሞቿን ከማለቧ በፊት ጎሕ ሲቀድ ትጽፋለች። አንዷ ደግሞ ልጆቿ ዋና እስኪጨርሱ መኪና ውስጥ እየተቀመጠች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጨርሳለች። «እዚያ እኮ ክሪስማስ በሰመር ነው ባባ፤ ቢች ሄደው ነው የሚያከብሩት» ትለኛለች። «ገርሎቹ ፐርፌክት አይደሉም። ይዋሻሉ፣ ይሳደባሉ። ፓረንቶቻቸው ከሌላ አገር የመጡም አሉ። ኤንዱ ላይ ሁሉም ነገር ፊክስ አይሆንም። ለዚያ ነው የምወደው።» እኔ «ጎሽ» እላታለሁ። ጎሽ የምላት መንገዱን እያየሁ፣ አንዳንዴም ሬዲዮ እያዳመጥኩ ነው።

እውነቱን ለመናገር መጻሕፍቱን ንቄያቸው ነበር። ሥነ ጽሑፍ ለእኔ ጦርነት ያለበት፣ መንግሥት የሚወድቅበት፣ ወንዶች እስር ቤት ገብተው የሚወጡበት ነው። አንዲት ልጅ ከጓደኛዋ ተጣላች፣ ፀጉሯን ተቆረጠች፣ እናቷን አኮረፈች ተብሎ ይህን የሚያህል መጽሐፍ ይጻፋል? አንድ ቀን ቤቴ ለመጡ ጓደኞቼ «የእኔ ልጅ የካንጋሮ ፍቅር ታሪክ ነው የምታነበው» ብዬ ሳቅኩ፤ እነሱም ሳቁ። ቀና ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ወሬዋ ቀነሰ፤ ቆይቶም ጭራሽ ቆመ። የጆሮ ማዳመጫዋን ትሰካለች፤ ስንደርስ «ቴንክስ» ብላ ትወርዳለች። እኔም ትልቅ ሰው ሆነች ብዬ ተውኩት። ልቤ ግን ያውቀው ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊያልቅ አካባቢ አንድ ቀን ከራት በኋላ መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ስትል ደነገጥኩ። መጽሐፍ ይዛለች።

«ባባ፣ ቢዚ ነህ?»

«ለአንቺ መቼ ነው ቢዚ የምሆነው» አልኳት፤ ስልኬን ግን አላስቀመጥኩም።

«ላይብረሪ ያለው ቡክ ክለባችን ላስት ሚቲንጉ ላይ ኦተሯ ትመጣለች። አይ ሚን፣ ከአውስትራሊያ በስክሪን ነው። ኢች ገርል አንድ አዳልት ታመጣለች። በት አዳልቱ መጽሐፉን ማንበብ አለበት። ሩሉ እሱ ነው።»

«ማሚስ?»

«አንተን ነው የፈለግኩት» አለች። «አንተ ራይተር አይደለህ? ቡኩን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ቮት አድርገን የእኔ ዊን አደረገ።»

«ስለ ምንድን ነው ታሪኩ?»

«አልነግርህም። አንብበውና ምን እንደመሰለህ ንገረኝ። ስኪፕ ሳታደርግ። ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ» አልኳት።

መጽሐፉን በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ፤ እናቷ እንዳስተማረቻት። መኪና ውስጥ ወሬዋ ከቆመ ወዲህ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ኩሽና ገብቼ ለባለቤቴ «እኔን ነው የመረጠችው» አልኳት። ባለቤቴ እጇን እያደራረቀች አየችኝና «እንግዲያው አንብበዋ» አለችኝ። ታውቀኛለች።

ሥራዬ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የተማሪዎች ማመላለሻ አውቶቡስ መንዳት ነው። በየዙሩ መሀል ዕረፍት አለኝ። ለማንበብ የሚመች ዕረፍት ነው፤ ተማሪዎቹ እስኪሰበሰቡ በሩን ዘግቼ ብቻዬን እቀመጣለሁ። መጽሐፉን በመጀመሪያው ቀን ይዤው ሄድኩ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍም አነበብኩ። ደስ ይላል። ስንዴ የሚመረትባት አንዲት የገጠር ከተማ ናት። አባት ልጁን ከታጨደው ማሳ መሀል አሮጌ ፒክአፕ መንዳት ያስተምራታል፤ ማርሹን ስታንኳኳው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። በጀርባው ላይ እንደሚለው አባትየው ድምፁን ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ፈረስ እሽቅድምድም ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ቀብር ላይ ማይክ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ይሄስ እኔን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ መጽሐፉን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩትና ስልኬን አወጣሁ። የአገር ቤትን ፖለቲካ የሚተነትን አንድ ሰው አለ፤ እሱን ማዳመጥ ጀመርኩ። በማግስቱም እሱን አዳመጥኩ። መጽሐፉ ዳሽቦርዱ ላይ ፀሐይ እየመታው ሽፋኑ ተቆለመመ።

«የት ደረስክ?» ትለኛለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ።

«መሀሉ ላይ ነኝ።»

«ሾውው ላይ ደረስክ? የፌሩ ቀን?»

«እሱንማ አልፌዋለሁ።»

ዓይኗ ትልቅ ሆነ። «ኤንድ? ምን አሰብክ?»

«አሁን ብነግርሽ ጣዕሙ ይጠፋል። እዚያው እናወራለን።»

ፈገግ አለች። አመነችኝ። ይህን ስጽፍ ጆሮዬን ያቃጥለኛል፤ ያን ፈገግታ ለእኔ ሳይሆን መጽሐፉን አንብቦ ላለፈ ሰው ነበር የሰጠችው። እኔ ተቀበልኩት። ቅዳሜ ወደ በልትስቪል ስንሄድ የጆሮ ማዳመጫዋን አልሰካችም። የደራሲዋን ነገር አጫወተችኝ፤ ከከተማ ርቃ ትኖራለች፣ ብዙ ዓመት መጽሐፏን የሚያትምላት አጥታ ነበር፣ ለልጃገረዶች የሚጻፍ መጽሐፍ ትንሽ ሥራ ነው የሚሏትን ሰዎች አትወድም። «ልክ ናት» አልኩ። አፌ አላፈረም።

ቀኑ ሲደርስ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩ። ልጅቷ ብቻዋን አውራ ጎዳና ላይ ትነዳለች። ሬዲዮ ስትከፍት የአባቷን ድምፅ ትሰማለች፤ ሳቅ ይመጣባታል፤ ትስቃለች። በቃ፣ ገባኝ አልኩ። አባት አስተማራት፣ ልጅ ነዳች፣ ድምፁ ተከተላት። ስንት ምረቃ ላይ የተናገርኩ ሰው ይህ ያቅተኛል? ሱፌን ለብሼ ሄድኩ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ተሰበሰብን። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ የበልትስቪሏ ጓደኛዋም አለች። በየአጠገባቸው እናት ወይም አባት፣ የአንዷ ደግሞ አያት ተቀምጠዋል። ሱፍ የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ግድግዳው ላይ ደራሲዋ ብቅ አለች፤ ፀጉሯን ያላበጠረች፣ ትልቅ ኩባያ የያዘች፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት። እዚያ የማግስቱ ጠዋት ስለሆነ ከኋላዋ ፀሐይ ገብቷል። የወፎቹ ጩኸት ከድምጿ በለጠና ይቅርታ ጠይቃ ተነሥታ መስኮቷን ዘጋች፤ ልጆቹ ሳቁ። ልጄ እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል አድርጋ ስክሪኑን ታያለች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ፊቷ በርቷል።

ቡድኑን የምትመራው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሥርዓቱን ነገረችን። መጀመሪያ አዋቂው ስለ መጽሐፉ ያሰበውን ይናገራል፤ ከዚያ ይዛው የመጣችው ልጅ ደራሲዋን አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። አንዲት እናት መሀሉ ረዝሞባት እንደነበር ተናገረች። አያትየዋ ደግሞ ልጅቷን አልወደድኳትም፣ አኩራፊ ናት አሉ። እኔ በድንጋጤ ደራሲዋን አየኋት፤ ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ይባላል? ደራሲዋ ግን ከልቧ ሳቀችና «እኔም አንዳንድ ቀን አልወዳትም» አለች። እነዚህ ሰዎች ወግ አያውቁም ብዬ አዘንኩ። እኔ አሳያቸዋለሁ አልኩ በልቤ።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ ተቀምጠው ነበር። በእንግሊዝኛ ቤተ መጻሕፍቱን አመሰገንኩ፣ ሠራተኞቹን አመሰገንኩ፣ ወላጆችን አመሰገንኩ፣ ደራሲዋን ውቅያኖስ አቋርጣ ስለመጣች አመሰገንኩ። መጽሐፉ የዘመናችን መስታወት ነው አልኩ። ከዚያ ወደ አባትየው መጣሁ። «እኔን የነካኝ አባትየው ነው» አልኩ። «ልጁን የሚያዳምጥ አባት፣ መንገዱን አሳይቷት ከኋላዋ የሚቆም አባት። ይህ መጽሐፍ የአባት ፍቅር መዝሙር ነው። እኔም በሰው ፊት የምናገር ሰው ነኝ፤ ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። ያ አባት እኔ ነኝ። ልጄን ጠይቋት፣ እሷ ትመሰክራለች።» አልኩና እጄን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ።

ማንም አላጨበጨበም። የበልትስቪሏ ልጅ አንገቷን ደፋች። አንድ አባት ለመሳቅ ዳድቶት ተወው። ደራሲዋ ኩባያዋን አስቀመጠችና በትሕትና «ይገርማል፤ ይህን ከየትኛው ክፍል ላይ እንዳገኙት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል» አለች። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ» አልኩ። የልጄ ትከሻ ከእጄ ሥር እንደ ድንጋይ ጠነከረ። አንድ ትልቅ ነገር እንደሳትኩ ያኔ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ልጄ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «የአባቴ እንግሊዝኛ ያን ያህል ጥሩ አይደለም» አለች። «መጽሐፉን በጣም ታግሎ ነው ያነበበው። መሀሉ ላይ ያለው በደንብ አልገባውም ይሆናል። ለማለት የፈለገው የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለውን አባት ነው።»

የሁሉም ፊት ወዲያው ለሰለሰ። አያትየዋ በአዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እኔ በእንግሊዝኛዬ የምኮራ ሰው ነኝ፤ አገር ቤት እያለሁ አስተምሬዋለሁ። አሁን ግን ወይ መሃይም መሆን ነበረብኝ ወይ ውሸታም። ዞር ብዬ ልጄን አየኋት፤ እሷ እኔን አታየኝም፤ ጠረጴዛውን ነው የምታየው። ያኔ ያደረግኩትን መቼም አልረሳውም። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ቃላቱን ሆን ብዬ እየሰባበርኩ፣ «ሶሪ፣ ማይ ኢንግሊሽ» አልኩ። ደራሲዋ ቃል በቃል እየለየች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ልጅ «ስላነበቡልኝ በጣም አመሰግናለሁ» አለችኝ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣሁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ልጄን ጥያቄሽን ጠይቂ አለቻት። ልጄ «የለኝም፣ ይለፈኝ» አለች። እንዳላት አውቃለሁ። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደጋግማ ለራሷ ስትለማመደው ሰምቻታለሁ፤ ቃላቱ ባይለዩኝም የጥያቄ ዜማ ነበረው።

መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። መናገር ያለብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አላነበብኩትም፣ ይቅር በይኝ። ምን እንዳልኩ ግን ልንገራችሁ። «እንግሊዝኛ አይችልም ማለትሽ ግን ትንሽ...» አልኳት። አዎ፣ እንደዚያ አልኩ፤ ከሁሉም ነገር ይልቅ የከነከነኝ እሱ ነበር።

ዞር ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። «ሶ ዋት ሹድ አይ ሃቭ ሴድ?» አለችኝ። ስትናደድ እንግሊዝኛ ብቻ ነው ብያለሁ። ምን ማለት ነበረባት? የምትጠላውን ነገር ለእኔ ስትል አደረገች፤ ዋሸች። የዋሸችውም በደንብ ነው፤ ማንም ሰው ሳይነግራት ይሉኝታን ከእኔ ተምራዋለች። ቤት ስንደርስ እናቷ «እንዴት ነበር?» አለች። ልጄ «ፋይን» ብላ ክፍሏ ገባች። እኔ ሱፌን አውልቄ ልብስ መስቀያው ፊት ለፊት ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ መጽሐፉን ማንበብ ጀመርኩ፤ ከመጀመሪያው፣ አንድም ገጽ ሳልዘል። በየዙሩ መሀል አነባለሁ። ዘግይተህ ወጣህ ተብዬ እስክገሠጽ ድረስ አነባለሁ። መጀመሪያ የገረመኝ ትንሽ ነገር ነው፤ በዚያ አገር መስከረም ሲገባ አበባ ይፈነዳል። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ መስከረም እንደኛ የአበባ ወር ሲሆን አይቼ አላውቅም። ልጅቷ ደግሞ ሲከፋት የምትሄድበት ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ ይወድቃል፣ ቅጠሉን መዳፏ ላይ አሽታ ታሸታለች፣ ጉንፋን ሲይዛት እናቷ በፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራ ታጥናታለች። ባሕር ዛፍ ነው። መኪና ውስጥ ስለዚሁ ዛፍ ትነግረኝ ነበር ለካ፤ «የእናንተ አገር አለ?» ብላኝ «እንጃ» ያልኳት ትዝ አለኝ።

ከዚያ መሀሉ መጣ። አባትየው አይማታም፣ አይሰክርም፣ ቤቱን ጥሎ አልሄደም። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የሚወደድ ሰው ነው። ከተማው ሁሉ ያጨበጭብለታል፣ ቤቱም ውስጥ ያወራል፤ ራት ላይ ያወራል፣ ስልክ ላይ ያወራል። ልጅቷ አንድ ቀን ማውራት ታቆማለች። ሳምንታት ያልፋሉ፤ አባቷ ራሱ ስለሚያወራ ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለማያውቅ ዝም ማለቷን አያውቅም። ከዚያ ልጄ «ሾውው ላይ ደረስክ?» ያለችኝ ቦታ ደረስኩ። የከተማው ዓመታዊ የገበሬዎች በዓል ነው። አባትየው በድምፅ ማጉያ ልጁን መድረክ ላይ ይጠራትና ለሕዝቡ ያስተዋውቃታል፤ ዋናተኛዋ ልጄ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ ናት ይላል። ልጅቷ ወንዝ ውስጥ ልትሰጥም ደርሳ ዋና ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሰው ያጨበጭባል። እሷ እጇን እያውለበለበች ፈገግ ትላለች፤ አባቷ እንዳያፍር።

መጽሐፉን ዘግቼ መሪው ላይ አስደገፍኩት። አንዲት ተማሪ በሩን ብታንኳኳም አልከፈትኩላትም። ያ አባት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ትከሻዋን ይዤ፣ ቆሜ፣ በሰው ፊት። ሳላነብ የተናገርኩት አንድ እውነት ቢኖር እሱ ነበር። እኔ እንዳነብ የሰጠችኝም ለዚህ ነው። ራሷ መናገር ያቃታትን በማታውቃት ሴት አፍ ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ አስቀመጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ሳቅም የደስታ እንዳልሆነ ያኔ ነው ያወቅኩት። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ልጄ ስትስቅ ሰምቻታለሁ፤ ስልክ ላይ ለሰው ስለ እሷ ስናገር።

በዚያው ሰሞን አንድ ደራሲ ደውሎ ለምረቃው አስተያየት እንዳቀርብለት ጠየቀኝ። አንብቤ ከጨረስኩ አቀርባለሁ አልኩት። «ምን አስቀየምኩህ?» አለኝ። አልተቀየምኩም ብዬ ብነግረውም አላመነኝም፤ ሌላ ሰው ፈለገ።

ስለ ራሴ መጻሕፍትም አሰብኩ። ሁለቱ ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለች ወይ? አለች፤ አውጥቼ አየኋት። አንድ ቦታ ለእንግዳ ውሃ ታመጣለች፣ አንድ ቦታ አባቷ ሲታሰር ታለቅሳለች። አንድም ቃል አትናገርም። ስም እንኳ አልሰጠኋትም። የአውስትራሊያዋ ሴት ለአንዲት ልጅ ዝምታ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥታለች፤ ያውም አንድም ጊዜ ሳታስጌጥ፣ በአጭር በአጭሩ። እኔ ይህን ነው የካንጋሮ ፍቅር ታሪክ ያልኩት። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ከጨረስኩ በኋላም ለልጄ ለመንገር ብዙ ቀን ፈጀብኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቷ ማኅበር ሄዳለች፤ ልጄ ኩሽና ውስጥ ሳህን ታጥባለች። ገብቼ ፍሪጁን ተደገፍኩ።

«መጽሐፉን አነበብኩት» አልኳት። «ያኔ አላነበብኩትም ነበር። ዋሽቼሻለሁ። አሁን ግን ሙሉውን አነበብኩት።»

«እሺ ባባ» አለች፤ ቀና አላለችም።

እሺ ያለችበት ድምፅ እኔ «መሀሉ ላይ ነኝ» ስላት ከነበረኝ ድምፅ የተለየ አልነበረም። ይልቁንስ የበለጠ ጨዋ ነበር። አላመነችኝም፤ ለምን ታምነኛለች? ያኔም አንብቤያለሁ ብዬ ነበር፣ አሁንም አንብቤያለሁ እላለሁ፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ነው የወጡት። ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ መቀባጠር ጀመርኩ። ስለ ወንዙ ነገርኳት፣ ስለ ዛፉ ነገርኳት፣ ባሕር ዛፍ እንደሆነ ነገርኳት፣ በዓሉ ላይ እጇን ስታውለበልብ እንዳለቀስኩ ነገርኳት። እሷ እያንዳንዱን ሳህን ሁለቴ እያለቀለቀች ታዳምጠኛለች። ስጨርስ «ዛትስ ናይስ» አለች። እንግዳ ሲያወራላት የምትለው ነው።

«አባትየው እኔ ነኝ አይደል?» አልኳት።

ቧንቧውን ዘጋችና እጇን ፎጣው ላይ ጠረገች። ልትወጣ መሆኑን ሳይ ሌላ የማስቆምበት ነገር ስላጣሁ፣ «ያን ዕለት ደራሲዋን ምን ልትጠይቂያት ነበር?» አልኳት።

«ነቲንግ። ኢትስ ኦኬ።»

«እባክሽ ንገሪኝ።»

ፎጣውን ሰቀለች። «የራሷ አባት መጽሐፉን አንብቦት እንደሆነ ነበር ልጠይቃት ያሰብኩት» አለች።

«ምን ትልሽ ይመስልሻል?»

ከልቧ አሰበችበት። አላሾፈችብኝም፣ አልተቆጣችም፤ መልሱን ለማግኘት ነው ያሰበችው።

«‹አንብቤዋለሁ ብሎኛል› የምትለኝ ይመስለኛል» አለችና መብራቱን ለእኔ ትታልኝ ወጣች።